በሌላ ሰው ተራ ስለተመረመረው ልቤ

ቀን፦ ኅዳር 9

ለውጭ አገር የዜጎች ጉዳይ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በባዕድ አገር ሆስፒታል በእኔ ልብ ተመርምረው «ጤነኛ ነዎት» የተባሉ አንድ አባት እንዲፈለጉና መዝገባቸው እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤

ይህን ደብዳቤ ቆመው እያነበቡ ከሆነ አስቀድመው ወንበር እንዲስቡ በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ። የማሳውቅዎ ዜና ከባድ ነው። ባለፈው ሐምሌ ለዕረፍት ድንበር የተሻገረ አንድ ዜጋ፣ ገና በለጋ ዕድሜው፣ ቁርሱን እንኳ በወጉ ሳይቀምስ፣ በቀኝ እግሩ ላይ ታላቅ አደጋ ደርሶበት፣ ወገን በሌለበትና ቋንቋ በማይገባበት አገር ሆስፒታል ገብቷል። ዜጋው እኔ ነኝ። አሁን ደህና ነኝ። ደንግጠው ተነስተው ከሆነ ይቀመጡ፤ የሚያስደነግጠው ገና ነው።

1. ማንነቴን በተመለከተ፦ ሥራዬ የታክሲ ተርሚናል ተራ አስከባሪ ነው። ኋላ የመጣ ፊት እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይጋፋ፣ ሾፌር ከሾፌር እንዳይጣላ ቆሜ እውላለሁ። ሾፌሮቹ «ሸውዴ» ነው የሚሉኝ፤ ለምን እንደሆነ እያነበቡ ሲሄዱ ይገባዎታል። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የደብዳቤውን መልክ በእናንተው ቢሮ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ናሙና ገልብጫለሁ። ናሙናው «ፍሬ ነገሩን በአጭሩ» ይላል፤ እንግዲህ እሞክራለሁ። ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ስም በአባሪው ቅጽ ላይ ስለሞላሁ እዚህ አልደግመውም። የአባቴ ስም ያመጣው ጣጣ ለአንድ ደብዳቤ ከበቂ በላይ መሆኑን ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱልኛል።

2. ጉዞውን በተመለከተ፦ የወሰደችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሳምንት እንኳ ማሽኗን አጥፍታ አታውቅም። ባሕር ያለበት አገር ሄጄ ሰባት ቀን ቁጭ ልበል ብላ ተነሳች። እኔን ያስከተለችው ወድዳኝ እንዳይመስልዎት። «ትቼህ ብሄድ ስመለስ ቤቱን አላገኘውም» ነው ያለችው። የዚያን አገር ቋንቋ ከትንሽ መጽሐፍ ላይ አጥንታ ነበር፤ «ዋጋው ስንት ነው?»፣ «መታጠቢያ ቤቱ የት ነው?» እና «አመሰግናለሁ» ትችላለች። በዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው ሆስፒታል የገባነው።

3. አደጋውን በተመለከተ፦ በሰባተኛው፣ በመመለሻችን ቀን ጧት እህቴ መታጠቢያ ቤት ስትገባ እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባሁ፤ ስትወጣ ላስደነግጣት። ለካ ያን ቀን ጸጉሯን ልትታጠብ ኖሯል። እጥፍጥፍ ብዬ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ቀኝ እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ ወጣች። «በአአ!» ብዬ ዘለልኩ። እግሬ ግን አብሮኝ አልዘለለም። ሻንጣው ላይ ተከመርኩ። የደነገጥኩት እኔ፣ የሳቀችው እሷ። ሳቋን ስትጨርስ ጩኸቴ የእውነት መሆኑ ገባትና ጫማዬን በእጇ ይዛ፣ እኔን በትከሻዋ ደግፋ ወደ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

4. የሆስፒታሉ ኮሪደር ረጅም ነው። ወለሉ ላይ ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል። መስመሩን ተከትለው በአንድ ብረት የተያያዙ ወንበሮች አሉ፤ አንዱ ሰው ሲነሳ የሁሉም ወንበር ይነቃነቃል። የተራ ቁጥር የሚሰጠው ማሽን ተበላሽቶ አፉ በፕላስተር ታሽጓል። በሙያዬ ምክንያት መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። «እሰይ፣ ተራ አስከባሪ የሌለበት አገር!» ብዬ ደስ አለኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ደስታ ያስታውሱልኝ።

5. እህቴ እኔን ለማስመዝገብ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ከጎኔ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ ነው፤ ቡናማ የሱፍ ቆብ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግራ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠዋል። እህቴ ከሩቅ «ንክች እንዳታደርገው እግርህን!» ብላ ስትጮህብኝ በእኛው ቋንቋ ነውና ፊታቸው በራ።

«የኛው ልጅ ነህ እንዴ?» አሉኝ። ልጃቸው እዚያ አገር እንደምትኖር፣ ሊጠይቋት እንደመጡ፣ አሁን እሳቸውን አስመዝግባ መኪናዋን የምታቆምበት ቦታ ፍለጋ እንደሄደች ነገሩኝ።

«አባባ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ የኔስ ተራ ነገር ነው። ደረቴን ትንሽ ያዝ ሲያደርገኝ ነው፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። እሷ አጋንና አመጣችኝ። አንተስ ልጄ?»

ቀጥሎ ያለውን ለእህቴም አልነገርኳት። እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። እንዲህ አልኳቸው፦ «ከአምስተኛ ፎቅ ወድቄ ነው።»

«እግዚኦ! ከአምስተኛ! ታዲያ እንዲህ ቁጭ ብለህ ታወራለህ?»

«ምን ላድርግ አባባ፣ ውስጥ ውስጡን ነው የጨረሰኝ። ስቄ ካልዋጥኩት ራሴን እስታለሁ።»

አመኑኝ። ቆባቸውን አንስተው ያናፍሱልኝ ጀመር። እኔ ሳቄን አፍኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቆቡ የሚያመጣው ንፋስ እስካሁን ግንባሬ ላይ አለ።

6. የስሙ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ነርሷ ከመዝገብ ላይ የምትጠራው የመጨረሻውን ስም ነው። በዚያ አገር የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው፤ የእኛ ግን የአባት ስም ነው። በር ከፍታ ስትጣራ የጠራችው እኔን ሳይሆን አባቴን ነው። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ስሙን እንደዚያ ጥርሷ መሃል ሰባብራ፣ ግን ራሱን የአባቴን ስም፣ በዚያ ሰማያዊ መስመር ባለው ኮሪደር ውስጥ ጮክ ብላ ጠራችው።

ስለ አባቴ አንድ ነገር ማወቅ አለብዎት። ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አይሰማም ነበር። እናቴ ስትሰለች እኔ በእሱ ድምፅ «አቤት!» እልላታለሁ፤ እሷ ተታልላ ወሬዋን ትቀጥላለች፣ አባቴ ጋዜጣውን ይቀጥላል። ከሞተ ወዲህ ያን ድምፅ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሳላስበው ወጣ። በአባቴ ድምፅ «አቤት!» አልኩ።

በዚያው ቅጽበት ከጎኔ ሌላ «አቤት!» ተሰማ። ሽማግሌው ናቸው። ሁለታችንም ብድግ አልን፣ ወንበሮቹ ሁሉ ተነቃነቁ።

«ያባትህ ስም ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«የኔም ያባቴ። እንግዲያ ወንድሜ ነህ!» አሉና ሳቁ። ሲስቁ እጃቸውን ከብብታቸው አላወጡም።

እኔ ተራው የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ክቡር ኃላፊ። እህቴ ገና መስኮቱ ጋ ወረቀት እየተቀበለች ነበር። ሽማግሌው ከእኔ በፊት ተመዝግበው ተቀምጠዋል። ይህን ማወቅ ሥራዬ ነው፤ በተርሚናል ስልሳ ሰው በዓይኔ እለያለሁ። እሳቸው ግን እግሬን አይተው ተመልሰው ተቀመጡ፤ የኔ ወንበር በእሳቸው መቀመጥ ተነቃነቀ። «ያንተ ይብሳል፣ ከአምስተኛ ፎቅ የወደቀ ሰው እያለ እኔ ምን አስቸኮለኝ። ግባ ወንድሜ» አሉ። ገባሁ። እያነከስኩ፣ ከሚገባው በላይ እያነከስኩ ገባሁ። እህቴም ተከትላኝ ገባች።

7. ውስጥ የሆነውን በተመለከተ፦ ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ወረቀቱን ደግሞ አየ፣ ሳቀ፣ አንድ ነገር አለ። እህቴ «አመሰግናለሁ» አለችው። ከዚያ ሸሚዜን አስወልቆ ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀባ፣ ሽቦ ለጠፈብኝ። «እዚህ አገር እግር የሚያዩት ከደረት ጀምረው ነው» አልኳት እህቴን። ሽቦው ሲኮረኩረኝ ሳቅኩ፤ በሳቅኩ ቁጥር ማሽኑ ላይ ያለው መስመር ይዘላል፤ ሐኪሙ አርፈህ ተኛ በሚል እጁን ያወርዳል።

ተኝቼ ሳለ ከበሩ ውጭ የአባቴ ስም እንደገና ተጠራ። አንድ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት። «አባዬ ዛሬም አልሰማም» አልኩና ለራሴ ሳቅኩ። ሦስተኛው ሲጠራ አቤት ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሐኪሙ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከውጭም «አቤት» ያለ ሰው የለም።

ያኔ ይህን ልብ አላልኩትም። አሁን ግን የማስበው እሱን ብቻ ነው። ስሙ እኮ የእሳቸውም ነው። እዚያው ተቀምጠው ቢሆን «አቤት» ይሉ ነበር።

8. በመጨረሻ እህቴ ወደ እግሬ ስትጠቁም ሐኪሙ እግሬን አየና ትከሻውን ሰብቆ የሚገባውን አደረገልኝ። ስንወጣ ወንበሩ ባዶ ነው። ቆቡ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። «ሽማግሌው ወዴት ሄዱ?» አለች እህቴ። እኔ ቆቡን አንስቼ ራሴ ላይ አደረግኩና፣ እጄን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ እሳቸውን መስዬ በሰማያዊው መስመር ላይ ሄድኩ። እህቴ አልሳቀችም። «አስቀምጠው፣ ሽንት ቤት ሄደው ይሆናል» አለች። ያን ጊዜ ከኮሪደሩ ጫፍ ሁለት ሰዎች ጎማ ያለው አልጋ እየገፉ በሩጫ አለፉ። ከአንሶላው የወጣ ጥንድ ጫማ አየሁ፤ ጥቁር፣ ማሰሪያው የተፈታ። ፊት አላየሁም።

የሽማግሌውን ጫማ አስቀድሜ አይቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ወይ አይጻፍም ነበር፣ ወይም ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር። ግን አላየሁትም። ሰውን ስሸውድ የማየው ፊቱን ነው፤ አምኖኝ እንደሆነ ለማወቅ።

ወደ መመለሻ ጀልባችን የሚወስደን አውቶቡስ ሊያመልጠን ነበርና ወጣን። ቆቡ ራሴ ላይ እንዳለ ያወቅኩት ጀልባው ላይ ነፋስ ሊወስድብኝ ሲል ነው።

9. ነገሩ እንዴት እንደተገለጠልኝ፦ አገሬ ስመለስ የሕክምና ወረቀቱን ለስምሪት ኃላፊያችን ማሳየት ነበረብኝ። (በእግሬ አመካኝቼ ሦስት ሳምንት ጨምሬ ተኝቻለሁ፤ ይህንንም አብረው ይመዝግቡልኝ።) ወረቀቱን ትርጉም ቤት ወሰድኩት። ተርጓሚዋ መነጽሯን አውርዳ አየችኝ።

«ስልሳ ስምንት ዓመትህ ነው?»

«ፊቴን ቶሎ ቶሎ ስለምታጠብ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም፣ ማንበብ ቀጠለች። ለሁለት ቀን ደረቱን ያመመው፤ የልብ ምርመራ የተደረገለት፤ ልቡ እንደ ወጣት ልብ ጤናማ ሆኖ የተገኘ፤ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልገው ወደ ቤቱ የተሸኘ። ግርጌው ላይ በአንድ መስመር ስለ እግር ተጽፏል። አናቱ ላይ ያለው ስም የእኔ አይደለም፤ የአባቱ ስም ግን የአባቴ ነው። «አባትህ ናቸው?» አለችኝ።

ከዚያ የእህቴን ስልክ ይዤ ተመልሼ፣ ከሆስፒታሉ መጥቶ ሳናነበው የተውነውን መልእክት አሳየኋት። የመጣው በእኔ ስም ነው፦ «ሦስት ጊዜ ተጠርተው ስላልቀረቡ መዝገብዎ ተዘግቷል።» ለካ እነዚያ ሦስት ጥሪዎች የእኔ ተራ ነበሩ። በወረቀት ላይ እንግዲህ እሳቸው ታይተው፣ ድነው፣ ሄደዋል። የጠፋሁት እኔ ነኝ።

10. ከዚያ ወዲህ ያለሁበትን ሁኔታ በተመለከተ፦ በጠራራ ፀሐይ ተርሚናል ላይ ቆሜ ሰው ይጠራኛል። «አቤት» ስል ከጎኔ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ «አቤት» እሰማለሁ። ዞር ስል ማንም የለም። አሁን «አቤት» ማለት ትቻለሁ፤ ሰው ሲጠራኝ «እ» ነው የምለው፣ ሾፌሮቹ ጠገበ ይሉኛል። የተሰለፈውን ሰው ፊት ማየትም ትቻለሁ። ጫማ ነው የማየው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ማሰሪያው የተፈታ ካየሁ ጎንበስ ብዬ አስራለሁ። ሰዉ አዲስ ቀልድ ያመጣሁ መስሎት ይስቃል።

ቆቡ ቤት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እህቴ ገልብጣ ውስጡን አየችና «ይሄ የልብስ ሰፊ እጅ አይደለም፣ ቀዳዳውን ራሳቸው ናቸው በመርፌ የጠቀሙት» አለች። ቡናማው ቆብ በጥቁር ክር ነው የተጠቀመው። «ልጃቸው መጥታ ሌላ ሆስፒታል ወስዳቸው ይሆናል፣ አርፈህ ተቀመጥ» ትለኛለች። ሊሆን ይችላል። እኔም ቀን ቀን ያን አምናለሁ፤ ማለቴ፣ ሚስማሩን እስካየው ድረስ።

11. ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወደ ክፍላችሁ መጥቻለሁ። የክፍሉ ጸሐፊ አላመኑኝም። በእሳቸው አልፈርድም። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ወረፋው ሲሰለቸኝ የጥበቃውን ድምፅ አስመስዬ «ሁላችሁም ግቡ ተብላችኋል!» ብያለሁ፤ ሠላሳ ሰው ቢሯቸው ላይ ተገለበጠባቸው። ሁለተኛ ስመጣ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ ልትለኝ ነው?» አሉኝ። እኔም የመጣሁት እሱኑ ልጠይቅ ነበር። ሳልጠይቅ ተመልሼ ሄድኩ።

12. ስለሆነም የሚከተሉትን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ፤

ሀ) ክፍላችሁ በዚያ አገር ባለው ጽሕፈት ቤቱ በኩል ለሆስፒታሉ ጽፎ፣ በዚያ ቀን በሽማግሌው መዝገብ የተጻፈው ልብ የእሳቸው እንዳልሆነ እንዲያሳውቅልኝ። ይህ ከሁሉ ይቀድማል። በሕይወት ካሉና ደረታቸውን ዳግም ቢይዛቸው፣ ሐኪም ያን ወረቀት አይቶ «ልብዎማ የወጣት ልብ ነው» ብሎ ሊመልሳቸው ይችላል። እሳቸው ደግሞ ሰው የነገራቸውን የሚያምኑ ሰው ናቸው። እኔ አውቃለሁ።

ለ) የት እንዳሉ፣ እንዴት እንዳሉ እንዲነገረኝ። ሆስፒታሉ ለባዕድ አይነገርም ይል ይሆናል። የአባታችን ስም አንድ ነው፤ ወንድሜ ብለውኛል፤ እንደ ዘመድ ይቆጠርልኝ። የሚነገረው ክፉ ቢሆንም ይነገረኝ። ሦስት ጊዜ እስክጠራ አልቆይም፣ በአንደኛው እሰማለሁ።

ሐ) ቆባቸው እንዲላክላቸው። እሳቸው ከሌሉ ለልጃቸው። ታጥቧል።

መ) ልጃቸው ከተገኘች፣ አባቷ ተራቸውን የለቀቁት ረስተው ወይም ደክመው ሳይሆን፣ የባሰበት ሰው ያዩ መስሏቸው መሆኑ እንዲነገራት። የዋሸኋቸው እኔ መሆኔም እንዲጨመርበት።

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤ አቤቱታ ማለት «አቤት» ማለት መሆኑን ያወቅኩት ይህን ስጽፍ ነው። ስድስት ወረቀት ቀድጃለሁ። አሁን ማንንም ሳላስመስል፣ በራሴ ድምፅ፣ ለእርስዎ አቤት እላለሁ።

በመጨረሻ፣ ከላይ «ታላቅ አደጋ» ያልኩትን ማስተካከል ይገባኛል፤ በሐሰት ማመልከት እንደሚያስጠይቅ ናሙናው ግርጌ ላይ ተጽፏልና። የተጎዳችው የቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት ናት። አጥንቷም አልተሰበረም፣ ትንሽ ወለም ብላ ነበር። ሐኪሙ ከጎረቤቷ ጣት ጋር በፕላስተር አሰራት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። በስምንተኛው ቀን ፕላስተሩ ራሱ ወደቀ። ሽማግሌው «የኔስ ተራ ነገር ነው» ብለውኝ ነበር፤ ተሳስተዋል። ተራው ነገር የእኔ ነበር። ተራው ግን የእሳቸው።

በራሴ ስም ከቀረበ የልብ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ተራ አስከባሪው

አባሪ፦ የሕክምና ወረቀት ከነትርጉሙ፤ ከሆስፒታሉ የመጣ መልእክት፤ የተሞላ ቅጽ፤ አንድ ቡናማ ቆብ (በአካል ቀርቤ የማስረክበው)

ግልባጭ፦ ለእህቴ፤ ተራ ቁጥር 5ን እንድታነብ